የአውጫጭኙ ወፍ

ሰው ሲያረጅ ይለዝባል የሚሉ ሰዎች አቶ ፈንታን አያውቋቸውም። ባለፈው የገበያ ዕለት ሱቄ ደጃፍ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲቆሙ ጀርባቸው ከመጉበጡ የተነሳ አገጫቸው ጉልበታቸውን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ዓይናቸው ግን ያው የጥንቱ ነው። እንደ በግ ገዢ ላትህን መዝኖ፣ ጥርስህን ቆጥሮ፣ «አይረባም» ብሎ የሚያልፍ ዓይን። ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ባለው አገር የተጣላ ሁሉ አስታርቁኝ ብሎ የሚለምናቸው፣ ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ የማይዘው፣ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልላቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔም ብድግ አልኩ። የተነሳሁት ግን ወንበሬን ልሸሽግባቸው ነበር።

«አንተ ቱርጁማን፣ እስካሁን አልሞትክም?» አሉኝ።

«እርስዎን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

«ሬዲዮኗ አልናገር አለች።» ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ሬዲዮ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሏት።

«ከእርስዎ ጋር እየኖረች ምን ብላ ትናገር? ፈርታ ነው።»

«ቀልድህን ለሚስቅልህ። ትሠራታለህ አትሠራትም?»

እንዲህ ስንባባል ያየ ሰው የቀልድ ጓደኛሞች ናቸው ሊል ይችላል። አይደለንም። እኚህን ሰውዬ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ጠልቻቸዋለሁ። ጥላቻዬን እንደ አለኝታ ላም ጠዋት ጠዋት አጠጥቼ፣ ማታ ማታ በረት አስገብቼ ነው ያኖርኩት፤ አንድ ቀን እንኳ አልከሳብኝም። ምክንያቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። በሰው ፊት፣ በጽዋ ቤት፣ የሞተ አባቴን ስም ጠርተው የተናገሯት አንዲት ዓረፍተ ነገር። አባቴ ያሉትን ሰው ይሁን አይሁን፣ ይህን ጽሑፍ እስከምጽፍበት ሳምንት ድረስ አላውቅም ነበር።

ሬዲዮዋን ገልብጬ ጀርባዋን መፍታት ስጀምር መብራት ጠፋ፤ ጎረቤቴም ጄኔሬተሩን አስነሳ። የቤንዚኑ ሽታ በግድግዳው ቀዳዳ ሲገባ እኔ ጠረጴዛዬ ጋ አልነበርኩም። ያኔ በነበረው በሹፌሩ በተካ ቪዲዮ ቤት ነበርኩ።

ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትወርዱ በቀኝ በኩል፣ ዛሬ የፕላስቲክ ወንበርና የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት ባለ ፎቅ ያለበት ቦታ፣ ያኔ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነበረ። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ገና ሰላም እያገኘ ያለበት ዘመን ነው። ተካ የጭነት መኪና ሹፌርነቱን ትቶ ከአንድ ሩቅ ከተማ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ጄኔሬተርና አንድ ጆንያ ካሴት ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑ ገና የተወለደ ጥጃ ያህላል፤ እኛ ግን ዝሆን ያህል ነበር የምናወራለት። መስኮቶቹ በወታደር ብርድ ልብስ ይሸፈናሉ፣ መሬቱ አቧራ እንዳይነሳ ውኃ ይረጫል፣ አግዳሚው ከባሕር ዛፍ ግንድ የተጠረበ ስለነበረ ፊልሙ ሲያልቅ የእንጨቱ ቅርጽ ቂጥህ ላይ ታትሞ ትወጣለህ። ለተቀማጭ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለቋሚ ስሙኒ። በሌላኛዋ ስሙኒ ደግሞ ደጃፉ ላይ ከምትቀመጠው ሴትዮ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ቦንቦሊኖ ይገዛ ነበር፤ የሰው ጭንቅላት ያልኩት ትንሽ ጨምሬ ነው፣ የሕፃን ልበል። የገበያ ዕለት ከጋዝጊብላም ከዝቋላም በእግሩ የመጣ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና በርበሬውን ገዝቶ፣ አህያውን ከደጃፉ ድንጋይ አስሮ ከቀትር በኋላ ይገባል። ኮንጎ ጫማ፣ ካኪ ቁምጣ፣ ትከሻ ላይ የተጣለ ፎጣ። እኔ ደግሞ ከልባሽ ጨርቅ የገዛሁት፣ እግሩ ሰፍቶ ዶሮ የሚያስጠልል ሱሪ ነበረኝ፤ ሰቆጣ ውስጥ ከዚያ ሱሪ በላይ የተወራለት ሹመኛ አልነበረም።

ሥራዬ ፊልሙን መተርጎም ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና የፈረንጁን ንግግር ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና እነግራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ፈተናው ነው ያሸነፈኝ፤ የማውቀው እንግሊዝኛ የሻይ ስኒ አይሞላም። ግን ማን ያውቅብኛል? የካራቴ ፊልም ሲሆን ሥራው ቀላል ነው፤ ሰዎቹ ይማታሉ እንጂ አይናገሩም። የህንድ ሲሆንም ያለቅሳሉ፣ ለቅሶ ትርጉም አይፈልግም። ሲከፋ ሰዎቹን በእኛ አገር ስም እየጠራሁ፣ የእኛን አገር ጠብ እያጣላሁ አወራለሁ። ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ቱርጁማን ብለው ያወጡልኝ ስም እስከ ዛሬ ተጣብቆብኝ ቀርቷል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከጆንያው ሥር ስም ያልተጻፈበት ካሴት ወጣ። ተካ ሲያስገባው ቀለም የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሕዝቡ ተነሳ። «ቀለሙ የት ሄደ? ተካ ቀለሙን ሸጦ በላው!» ተባለ። አንድ የጋዝጊብላ ሰውዬ ስሙኒዬን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ጄኔሬተሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቂጡ ሲቃጠል ነው የተነሳው። በመጨረሻ ሌላ ካሴት ስላልነበረ ታየ። ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ነው። ዝናብ ነው። ሁሉም ያጨሳል። ሰውዬው አንዲት ሴት ገድለሃል ተብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ አልገደለም። ይታሰራል፣ ጠጉሩ ይሸብታል፣ ይፈታል፣ ከዚያ ያሳሰረውን ምስክር ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራል። ይህን ያህሉ ያለ እንግሊዝኛም ይገባል። ዳኛው ግን መዶሻውን አንስቶ ለአንድ ሰዓት የሚያህል ንግግር አደረገ፤ አንዲት ቃል አልያዝኩም። ሕዝቡ አፌን ያያል። እኔም «‹ወፍ ነግራኛለች፣ ገዳዩ አንተ ነህ› አለው» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ገጠር የሌባ ወይም ቃጠሎ ያደረሰ ሰው ማንነት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። አባወራው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ከብት ይጮኻል፣ እህል ማሳ ላይ ይረግፋል። ሦስት የማሉ ሽማግሌዎች ለብቻ ይቀመጡና እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ እየቀረበ ያየውንና የሰማውን በሰብሳቢው ጆሮ ሹክ ይላል። ጥቆማ የሰጠው ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ወፉ ማን እንደሆነ እንዳይናገሩ መሐላ አለባቸው። ከዚያ ተነስተው «ወፍ እገሌ ነው ብላለች» ይላሉ፤ እገሌ አለቀለት። ስለዚህ ባርኔጣ ያደረገ የፈረንጅ ዳኛ ወፍ ሲጠቅስ ሕዝቡ በሳቅ ከአግዳሚው ወደቀ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ከቋሚዎቹ መሃል አያ ሞላ እጁን አነሳ። «ቁም! አቁመው! ማናት ወፏ?»

«ትዕግሥት ይኑርዎ አያ ሞላ፣» አልኩት፣ «ወፏ ገና እየበረረች ነው።»

አያ ሞላ የሠፈራችን ሰው ነበር፤ ሠፈራችን ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ከዝቋላ መጥቶ በሚስቱ መሬት የተቀመጠ፣ ወንድምም አጎትም በአጠገቡ የሌለው፣ ንብ አርቢ። የበፊቱ መንግሥት ሊወድቅ ሰሞን የአንድ ሀብታም ጎረቤቱ ሃያ ቀፎ የተደረደረበት ዳስ ተቃጠለ፤ ከዳሱ እሳቱ ጎተራ ገባ፣ ከጎተራው የታሰረች ላም ጋ ደረሰ። አውጫጭኝ ተጠራ። ሰብሳቢው ሽማግሌ አቶ ፈንታ ነበሩ። እኔ ያኔ ከተማ ትምህርት ላይ ስለነበርኩ አላየሁም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሜዳ ላይ ዋለ አሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አቶ ፈንታ ተነስተው «ወፍ ተናግራለች፤ ሞላ ይያዝ» አሉ። ሰው ወደየማሳው ሮጠ። ሞላ አራት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። ሲወጣ ጠጉሩ እንደ ሰቆጣ ማር ነጥቶ ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ግን የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች መልሰው አልተቀበሉትም። የንብ ቤት ያቃጠለ እጅ ጽዋችንን አይነካም አሉ። በየወሩ የማኅበሩ ዕለት ተረኛው ቤት በራፍ ላይ ይቆማል፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይዞራል፣ እሱን ማንም አያየውም። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ለሁለት ዓመት አደረገው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያቺን ወፍ አግኝቶ «ዋሽቻለሁ» እንድትል።

ያንን ፊልም ካየ በኋላ ሰውዬው ለየለት። በሚቀጥለው የገበያ ዕለት ለተካ ሙሉ ሰፌድ ማር ከነሰፈፉ አምጥቶ «ያንን ቀለም የሌለውን አሳየኝ» አለ። ተካ አሳየ። እኔ ባለፈው ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ያኔ ወፏን ፀጉራም ካፖርት ያደረገችው ባለሆቴል ናት ብዬ ነበር፣ አሁን መጠጥ ቀጂው ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሰፌድ መጣ፤ ወፏ ቀጭን ጺም ያለው ፖሊስ ሆነች። ፊልሙ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ሞላ በራፉ ላይ ጠበቀኝና የሸሚዜን ኮሌታ ያዘ። እጁ የማር ቆራጭ እጅ ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

«ሦስት ጊዜ ሦስት ሰው አደረግካት። የትኛዋ ናት?»

«አያ ሞላ፣ ተባብረው ነው እኮ…»

«አትቀልድብኝ። ያ ዳኛ ወፍ ብሏል ወይስ አላለም?»

«አላለም።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«አላውቅም። እንግሊዝኛው ፈጠነብኝ። ሕዝቡ ይጠብቃል… እንዲስቅ ብዬ ነው።»

ኮሌታዬን ለቀቀው። አህያ የሚታሰርበት ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ በውስጤ የምሮጥበትን አቅጣጫ መርጬ ጨርሻለሁ። እሱ ግን ፊቱን ቀና አድርጎ፣ ለእኔም እንዳልሆነ አድርጎ፣ «አንተ ሕዝብ ስለሚጠብቅህ ፈጠርካት» አለ። «ፈንታስ?»

ከዚያ በኋላ ያደረገውን የሠፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል። አርባ ምናምን ቤት በእግሩ ዞረ። እያንዳንዱን አባወራ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየወሰደ «ያን ጊዜ ስሜን ጠርተሃል?» አለው። አንዱም አልጠራሁም ብሎ ማለ፣ ሌላውም። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዱ ውሻ ፈታበት፣ አንዷ መበለት እንጀራ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ሁሉም ግን ማሉ። እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቴ ነው የተናገረው እያለ ነበር ስድስት ዓመት የኖረው። ማልቀስም መሳቅም ይቻል ነበር፤ እኔ በየሻይ ቤቱ እየዞርኩ ሳቅሁበት። «አያ ሞላ ወፍ ያላደነበት ሣር ቅጠል የለም፣ አሁን የቀሩት ዶሮዎቹ ናቸው» እያልኩ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ጽዋው በአንድ አናጢ ቤት ነበር። አባቴ ከዓመት በፊት ስለሞተ በማኅበሩ ወንበሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያቺ ሰፊ ሱሪዬን አድርጌ በአባቴ ቦታ ተጎልቼ ዳቦ እጠብቃለሁ። አቶ ፈንታ ከላይ ናቸው። ሞላ እንደ ወትሮው በራፉ ላይ ቆመ፣ በዚያ ቀን ግን ተናገረ።

«አቶ ፈንታ፣ ወፏ ማን እንደሆነች ይንገሩኝ አልልዎትም። መሐላ አለብዎ፣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይማሉልኝ። ወፍ የእኔን ስም ጠርታ እንደነበር በዚህ ጽዋ ይማሉ።»

ዳቦውን ሊቆርስ የነበረው ሰው እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁሉም የየራሱን መሐላ ያውቃል፤ ሁሉም ዞሮ አቶ ፈንታን አየ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቤቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዚያ የበግ ገዢ ዓይናቸው ዞሩበትና እኔ ላይ አቆሙት።

«የሞተ ሰው ምስጢር አያስፈልገውም» አሉ። «ወፏ የዚህ የቀልደኛ አባት ነው።»

ይህቺ ናት ዓረፍተ ነገሯ።

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። በጫጫታው መሃል ሽማግሌው እንዳልማሉ ማንም ልብ አላለም፤ እኔም፣ ሞላም። ሞላ ስድስት ዓመት የፈለገውን ስም አገኘ፣ ከስሙ በኋላ ምን ይሰማል? ከበራፉ ሆኖ ዓይኔን አየኝ። የተቀመጥኩበትን የአባቴን ቦታ አየ። ምራቁን ደፋና ሄደ። የሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ሰዎች በአንድ ቀልደኛ ቃል ነው የታሰረው ብለው ለሞላ ቦታ ሰጡት፤ የሰጡት ቦታ የእኔ ነበር።

ወፍ መሆን ወንጀል አይደለም። በሐሰት ወፍ መሆን ግን፣ ንጹሕ ሰው አራት ዓመት ከመንፈቅ ማሳሰር፣ የሚታጠብ ስም አይደለም። እናቴ ውኃ ስትወርድ ሴቶች መንገድ ይለቁላት ጀመር፤ ለክብር አልነበረም። እኔ ጠቅልዬ ከተማ ገባሁ፣ ተካ ቪዲዮ ቤቱን ሲዘጋ ሽቦ መበየድ ተማርኩ። ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን ይህ አይደለም። የሚያቃጥለው አባቴን ማወቄ ነው። አባቴ ጅብ መንገድ ጠይቆኝ ነበር ብሎ አንድ ሳምንት ያወራ ሰው ነው። ለቀብር ሄዶ ሟቹን ሊያስቅ የሚሞክር ሰው ነው። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ተራው ሲደርስ፣ ለመቀለድ ብሎ አንድ ስም ሹክ አላለም ብዬ መማል አልችልም ነበር። እኔ ለሳቅ ብዬ ሦስት ወፍ ፈጥሬ የለ? ከማን ወረስኩት? እና ሃያ ምናምን ዓመት አቶ ፈንታን በአደባባይ ጠላሁ፤ አባቴን ደግሞ በልቤ አስሬ፣ ምስክር አጥቼ፣ አልፈረድኩበትም አልፈታሁትም።

ሬዲዮዋ ምንም አልሆነችም፤ ባትሪው አፍስሶ ሽቦዋን በልቷት ነው። ጠርጌ በከሰል በጋለ መበየጃ በየድኳት። ሽማግሌው በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ጎረቤቴን ስለ ጄኔሬተሩ ጭስ እየተራገሙ ነበር።

«አልቋል፣» አልኳቸው። «ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ገንዘቡን ልጄ ይሰጥሃል።»

«ገንዘብዎን አልፈልግም። እርስዎም ነገ ይሞታሉ፣ እኔም ከነገ ወዲያ። አባቴ የሞላን ስም ለምን ጠራ?»

አቶ ፈንታ ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግ የሚሰማውን ዓይነት። «የሞላን ስም ጠራ ብሎ ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎ! ሰው በሞላበት!»

«እኔ ወፏ አባትህ ነው አልኩ። ነበረ። እኔ በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ዋሽቷል የሚለኝ አምጣ። ወፏ ምን አለች ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ሞላም አልጠየቀ፣ አንተም አልጠየቅህ። ስም ስጡን አላችሁ፣ ሰጠሁ።»

ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ይመስለኛል «ምን አለ?» ነው ያልኩት።

«ዳሱን ያቃጠለው ባለቤቱ ራሱ ነው አለኝ። ማር ሊቆርጥ ንቡን ያጨሰበትን ኩበት ሳያጠፋው ከቀፎ ሥር ረስቶት ሲሄድ ከመንገድ ሆኜ አይቻለሁ አለኝ። እዚህች ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለኝ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች አልሰሙም።» ጆሯቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ሲያላግጥ ኖሮ ያን ቀን ብቻ አላላገጠም። ከአርባ ምናምን ሰው የተናገረ እሱ ብቻ ነው፤ በኋላም ቀልደኛን የሚሰማ የለም ብሎ ተወው።»

«እና እርስዎ ለምን…»

«የባለዳሱ ልጅ ለልጄ ታጭታ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጤፉ ማሳ ላይ ይረግፋል። ያን ሁሉ አባወራ ሦስት ቀን አስቁሜ፣ ‹ባለቤቱ ራሱ ነው ያቃጠለው፣ ሂዱ› ልል ነው? ሕዝብ ስም ነው የሚፈልገው። ሞላ ደግሞ ዘመድ የለውም፣ የሚነሳለት የለም።» ሬዲዮዋን ለመውሰድ እጃቸውን ዘረጉ። «አሁን አወቅህ። ምን ታደርገዋለህ? ሄደህ ብትናገር ማን ያምንሃል? ጅብ መንገድ የጠየቀው ሰው ልጅ፣ ቱርጁማኑ!»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ዛሬ ተራራው ተቃጠለ ብዬ ብጮህ ሰው ስቆ ሻይ ያዝዛል። እዚያው ቆሜ፣ በዚያች ደቂቃ፣ የተናገርኳቸው ቀልዶች በሙሉ እንደ ባለዕዳ ተሰልፈው ሲያዩኝ ተሰማኝ። ከዚያ ከጎናቸው የተደገፈውን ከዘራ አነሳሁ።

«ወዴት ነው ከዘራዬን?»

«እርስዎ ያለ እሷ ሁለት እርምጃ አይሄዱም። ይቀመጡ።»

መንገዱን ተሻገርኩ። የማር ተራው ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። አያ ሞላ በየገበያው ዕለት እዚያ ይቀመጣል፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሳልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አሁንም አዞረ።

«አያ ሞላ፣ የአባቴን ነገር ልነግርዎ ነው።»

«ከአንተ አፍ የወጣ ነገር አልሰማም።»

«ከእኔ አፍ አይደለም። አቶ ፈንታ ሱቄ ተቀምጠዋል።» ከዘራውን አሳየሁት። «መሄድ አይችሉም። ወፏ ማን ነው ብለው አይጠይቋቸው። ምን አለች ብለው ይጠይቋቸው።»

ከዘራውን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከጽዋው ዕለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማር የሚቆርጥበትን ቢላዋ በጨርቅ ጠረገና አጠገቡ ላለችው ሴት ሰጣት። «ያዥልኝ፣ ከእጄ ጋር አይሂድ» አላት። እሷም ነገሩን ሳታውቅ ፈርታ ከጭኗ ሥር ሸጎጠችው። ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ሰው ሸክሙን እንደያዘ ይከተለን ጀመር፤ ገበያ ጠብ ከመሽተቱ በፊት ያውቃል።

ደጃፉ ላይ ቆመ። አቶ ፈንታ በርጩማው ላይ ቀና ሊሉ ሞክረው አልቻሉም።

«አቶ ፈንታ፣ ወፏ ምን አለች?»

ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ፣ በራፉን የሞላውን ሰው አዩ። ዋሽቼ አላውቅም ያሉት ሰውዬ ከአፋቸው የወጣው ቃል አሁን አንቆ ያዛቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ለጉልበታቸው የሚነግሩ ይመስል፣ ስለ ኩበቱ፣ ስለ ባለቤቱ፣ ስለ አባቴ ቀስ ብለው ተናገሩ።

አያ ሞላ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲከፍት ወደ እኔ ዞረ።

«አባትህን ነፍሱን ይማረው» አለ። «ያንተን ገና አልወሰንኩም።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። አያ ሞላ በዚህ ዕድሜው ንብ ከተከዜ ማዶ ስትነሳ የሚሰማ ሰው ነው።

«አልሰማሁም፣ አቶ ፈንታ» አለ። «ጮክ ብለው ይናገሩ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ደገሙት። በራፉ ላይ ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«አሁንም አልሰማሁም።»

ጎረቤቴ ጄኔሬተሩን አጠፋው። አቶ ፈንታ አየር ሳቡና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በዚህኛው ጊዜ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ።